እሑድ ቀን፣ ያለ ሾፌር

ባለቤቴ መኪና ከመግዛቱ በፊት ስለ መኪና ምንም አያውቅም ነበር፤ ከገዛ በኋላ ደግሞ የሚያውቀው ስለ ኢንሹራንስ ብቻ ሆነ። ሥራው ባቡር ጣቢያ ነበር፤ የዕቃ መጋዘን ኃላፊ። ሰው የላከው ሣጥን አንድ ማዕዘኑ ትንሽ ከተላጠ ቅጽ ሞልቶ፣ ምስክር አስፈርሞ፣ በሦስት ኮፒ ካላስቀመጠ ምሳው አይበላለትም። አንድ ግሪክ ነጋዴ ድሬዳዋን ለቆ ሲሄድ ሰማያዊ ቮልሱን ለእኛ ሸጠልን። እኔ የደስ ደስ ሽርሽር ወደ ሐረር የምንወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ወፍራም ደብተር ገዝቶ መጣ።

ንጉሡ ከወረዱ ጥቂት ወራት ቢሆናቸው ነው። ከተማው ውስጥ ኢንሹራንስ የሚሸጡ የሦስት ኩባንያ ወኪሎች ነበሩ። አንደኛው ሲመጣ ካላንደር ይሰጠናል፣ ሁለተኛው እስክሪብቶ፣ ሦስተኛው የሲጋራ መተርኮሻ። ባለቤቴ ሦስቱንም በየተራ እየጠራ ሳሎን ያስቀምጣቸዋል። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ እሱ ጥያቄ ያቀርባል።

«ግመል ብገጭስ?»

«ይሸፈናል ጌታዬ።»

«ግመሉ ቢገጨኝስ?»

ወኪሉ ሻዩን ፉት ይላል። «እሱም ይሸፈናል።»

«ተኝቶ ከሆነስ?»

«ማን? እርስዎ?»

«ግመሉ።»

መልሱን ሁሉ ደብተሩ ላይ በመስመር በተከፈለ ሠንጠረዥ ይጽፋል። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ለሌላኛው ወኪል ያቀርባል። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ለግመል የትኛው ኩባንያ እንደሚሻል፣ ለቃጠሎ የትኛው፣ ለስርቆት የትኛው፣ ከድሬዳዋ ሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቅ እሱ ነበር፤ መኪናዋን ግን ያለ ምንም ኢንሹራንስ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀ ይነዳታል። በመጨረሻ ባለመተርኮሻውን መረጠ። ሲጋራ አያጨስም፤ ግን ሠንጠረዡ እንደዚያ አለ።

ሊፈርም በተነሣ ሳምንት ሬዲዮው መንግሥት የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን በሙሉ ወርሶ ወደ አንድ ሊያጠቃልል መሆኑን ተናገረ። ባለቤቴ አላመነም። የተሻሉትንና የባሱትን እንዴት አንድ ላይ ይጨምሯቸዋል? ትንሽ ቆይቶ ወደ አዲሱ ቢሮ ሄደ። ሦስቱ ወኪሎች አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ጠረጴዛ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ታዲያ አሁን ከማናችሁ ልግዛ?» አለ።

«ጓድ፣ ምርጫው አሁንም የእርስዎ ነው» አለው ባለካላንደሩ። «ወረፋው አጭር የሆነበት ጋ ይቁሙ።»

ቆመና ገዛ። ውሉን ቤት አምጥቶ ሲያነብልኝ ትዝ ይለኛል። ግጭት፣ ቃጠሎና ስርቆት ይሸፈናል። ጎርፍ፣ ጦርነትና ሕዝባዊ ሁከት አይሸፈንም። ያን ውል ያረቀቀው ሰው ነቢይ መሆን አለበት፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ከተማችን የሚደርስባትን ሁሉ ቀድሞ አውቆ፣ አንድም ሳይረሳ አይሸፈንም ብሎ ጽፎታል።

ጦርነቱ መጣ፤ የሶማሊያ ጦር ከተማችን ደጃፍ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ይህን የማነሣው ስለ ጎረቤታችን ነው። ጎረቤታችን ሶማሌ ነበር፤ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ድሬዳዋ ተወልዶ ድሬዳዋ ያደገ ሰው። በእኛና በእነሱ ግቢ መካከል ያለው አጥር በር ነበረው፤ በሩን ከእኔና ከሚስቱ በቀር የሚጠቀምበት አልነበረም፣ ወንዶቹ በዋናው ይዞራሉ። በጦርነቱ ጊዜ ትናንት ጨርቅ በዱቤ የወሰዱበት ሰዎች ሰላምታ ነሱት። የቀበሌ ዘበኞች ቤቱን ሦስት ጊዜ ፈተሹ። ሦስቱንም ጊዜ ውኃ አጠጥቶ ሸኛቸው። ባለቤቴ ግን ከእሱ ጋር ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ጫት መቃሙን አንድ ቀንም አላቋረጠም። ጀግንነት አልነበረም። የኢንሹራንሱን ሠንጠረዥ ሰምቶ የማይሰለች ሰው ከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቤንዚን በኩፖን ሆነ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የግል መኪና መንዳት ተከለከለ። ስለዚህ ባለመኪና ሁሉ እሑድ ቀን መኪናውን ያጥባል፤ ሌላ የሚያደርጋት ነገር የለም። ቤታችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጥላ ያለው አንድ ዛፍ አለ፣ አሸዋውን ክንድ ያህል ብትቆፍር ውኃ ታገኛለህ። ጎረቤታችን ፔጆ ነበረው፣ ነጭ። በዚያች እሑድ ሁለቱ ወንዶች መኪኖቻቸውን አሸዋው ላይ አውርደው ሊያጥቡ አሰቡ። ችግሩ ሞተር ማስነሣት ክልክል መሆኑ ነበር።

«ክልክሉ መንዳት ነው እንጂ፣ መግፋት ክልክል ነው የሚል መመሪያ የለም» አለ ባለቤቴ።

ገፏቸው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በዚያ ፀሐይ ላባቸውን እያንጠፈጠፉ አንድ ጊዜ ቮልሷን፣ አንድ ጊዜ ፔጆዋን ወደ ወንዙ ሲገፉ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ይኸ በኋላ ጠቅሞናል ልበል፣ ጎድቶናል ልበል፣ እስካሁን አልወሰንኩም። አጠቡ፣ ወለወሉ፣ ዛፉ ሥር አቆሟቸው። ምሳ በልተው ጎረቤታችን ቤት ጫታቸውን ይዘው ተጋደሙ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የድሬዳዋ ሰው ግን ደቻቱ ሰማይ አይቶ እንደማይመጣ ያውቃል፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ብቻ ወደ እኛ ይላካል። ባለቤቴና ጎረቤታችንም ያውቁ ነበር። ጫት ላይ የነበሩ መሆናቸውን ብቻ ነው ለመከላከያ የማቀርብላቸው። መጀመሪያ የሰማሁት ባቡር የመሰለ ድምፅ ነው፤ ከዚያ «ወንዙ መጣ! ወንዙ መጣ!» የሚል ጩኸት። ስንወጣ ቡናማው ውኃ ዛፉን ወገቡ ድረስ ይዞታል። ቮልሷ እንደ ቅል ተንሳፍፋ፣ በዝግታ አንድ ጊዜ ዞረችና መንገዷን ቀጠለች። ፔጆዋ ከባድ ስለነበረች ትንሽ ተግደረደረች፤ በኋላ ግን እሷም ተከተለቻት።

«መስኮቱን አልዘጋሁትም!» አለ ባለቤቴ።

ጎረቤታችን ፔጆው ከዓይኑ እስክትሰወር አየ። ከዚያ «አቦ፣ መኪኖቹ ሄዱ። እኛስ ምን እንቆማለን?» ብሎ ተመልሶ ገባ።

እግዚአብሔር ይመስገን ከሰፈራችን ሰው አልተወሰደም። ሰኞ ጠዋት ውኃው ጎደለና ሁለቱን ከከተማው በታች አሸዋ ውስጥ አገኘናቸው። ቮልሷ ግማሽ ተቀብራለች፤ ፔጆዋ የፊት እግሮቿን የቮልሷ ጣራ ላይ ሰቅላለች። ባለቤቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጎረቤታችን ዞር ዞር ብሎ ካያቸው በኋላ «ይቺ እንኳ አደጋ አይደለችም» አለ። «ይቺ ጋብቻ ናት።»

ባለቤቴ በዚያው ሰኞ ደብተሩን ይዞ ወደ መድን መሥሪያ ቤቱ ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። የድሮው ባለካላንደር የካሳ ክፍል ኃላፊ ሆኗል። የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ድሬ ውስጥ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተ ሲባባል እሱ ብቻ አንቱታውን አልለቀቀም።

«ጓድ፣ በጣም አዝናለሁ» አለው። «ጎርፍ አይሸፈንም። የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ውሉ ላይ እንዲህ ይላል።» በጣቱ አሳየው።

«የማን ሥራ?»

«የፈጣሪ።»

«ባለፈው ሳምንት በውይይት ክበብ ፈጣሪ የለም ብለህ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተማርከን አንተ አይደለህም እንዴ?»

ኃላፊው ከመቀመጫው ዘሎ በሩን ዘጋ። ጓድነቱ ሁሉ ጠፋበት። «ጋሼ፣ በእመብርሃን ድምፅዎን ይቀንሱ! በውይይት ክበብ የለም። በውሉ ላይ ግን አለ።»

ባለቤቴ ይህን መልስ እንደ ቁም ነገር ደብተሩ ላይ ጻፈው። ኃላፊው ሲጽፍ አይቶ ይበልጥ ደነገጠና፣ ሊገላግለን ብሎ አንድ መላ አመጣ። «አንደኛዋ መኪና ሌላኛዋ ላይ ወጥታለች አይደል? ይሄ ግጭት ነው። ግጭት ደግሞ ይሸፈናል። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ብቻ ያምጡልኝ።»

የትራፊክ አሥር አለቃው ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፤ ቦታው ድረስ ወርዶ በሜትር ለካ። ቅጹ ላይ ወንዝ የሚባል ነገር ስለሌለ ደቻቱን አስፋልት አድርጎ ሣለው። አቅጣጫ የሚለው ላይ ሁለቱም ከደቡብ ወደ ሰሜን ብሎ ጻፈ። ፍጥነት የሚለው ላይ ከመጠን በላይ አለ። ጥሩምባ ነፍቶ ነበር ወይ የሚለው ላይ አልነፋም።

«ሲነዳ የነበረው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ማንም» አለ ጎረቤታችን።

አሥር አለቃው የሾፌር ስም ከሚለው አጠገብ «አልተያዘም» ብሎ ሞላ። ከዚያ ቀኑን ሊጽፍ ሲል እጁ ቆመ።

«አደጋው መቼ ነው የደረሰው?»

«ትናንት።»

«ትናንት እሑድ ነው። እሑድ የግል መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል መሆኑን አታውቁም?»

«እኛ አላንቀሳቀስናቸውም!» አለ ባለቤቴ።

«ተንቀሳቅሰዋል ወይስ አልተንቀሳቀሱም?»

ባለቤቴ ዋሽቶ አያውቅም፤ መጋዘን ያበላሸው ሰው ነው። «ተንቀሳቅሰዋል» አለ።

«በቃ።»

መኪኖቻቸው መሰባበራቸው ሳያንስ ሁለቱም ተቀጡ። ጎረቤታችን የቅጣቱን ደረሰኝ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ የእሑድ ቅጣት ይሄ ከሆነ ሰኞ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሉን ነበር አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው ከማንም በተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ደብዳቤዎቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የመድን መሥሪያ ቤቱ ታይፒስት መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሄዳ ስለነበር፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት እኔ ተውሼ ለኃላፊው እጽፍለት ነበር። ሁለቱም መኪኖች እዚያው ነው ውል የነበራቸው፤ ሌላ የትስ ይኖራቸዋል? ስለዚህ የቮልሱ ፋይል ለፔጆው ፋይል ደብዳቤ ይጽፋል፤ ጥፋቱ የእናንተ ደንበኛ ስለሆነ ክፈሉ ይላል። የፔጆው ፋይል ለቮልሱ ፋይል ይመልሳል፤ የእናንተ ደንበኛ መኪና በታች በኩል መገኘቷ መንገድ መዝጋቷን ያሳያል ይላል። ሁለቱንም ቃል በቃል የሚነግረኝ ኃላፊው ነው፤ ሁለቱንም የሚፈርመው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ፈርሞ ወጪ መዝገብ ላይ ያስመዘግብና፣ ያንኑ ደብዳቤ ገቢ አስደርጎ ሲመጣለት ፖስታውን ከፍቶ ያነብበዋል። አንድ ቀን የራሱን ደብዳቤ አንብቦ «ድፍረታቸው!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በእያንዳንዱ ግርጌ ደግሞ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ለምን ለቮልስ ሲባል እንደምንሞት ሳልጠይቅ በሦስት ካርቦን እመታዋለሁ።

ይህ ለወራት ሲሄድ ከቆየ በኋላ ኃላፊው አንድ ጠዋት ከመጻፊያዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሜቴ፣ ለባለቤትዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ» አለ። «ሁለቱም ተንቀሳቅሰዋል ከተባለ ሁለቱም ጥፋተኛ ናቸው። ቮልሷ ቆማ ነበር፣ ፔጆዋ መጥታ ወጣችባት ከተባለ ግን ጥፋተኛው አንድ ነው። ጎረቤቴ መኪናውን በግዴለሽነት ከላይ በኩል አቁሞ ነው ብለው አንድ ቃል ይፈርሙ። በአሥራ አምስት ቀን ካሳው ያልቃል።»

«ጎረቤታችን ግን...»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውዬው ሶማሌ አይደል? ማን ብሎ ይከራከርለታል?»

እዚህ ላይ ሌላውን ሰው ሳሽሟጥጥ ቆይቼ ራሴን ብዘል ነውር ይሆንብኛል። አልተቆጣሁም። ቃሉን እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ጻፍኩት፤ አንድም የፊደል ስሕተት አልነበረውም። ባለቤቴ በእግር ሥራ ሲሄድ በዚያ ሙቀት ሸሚዙ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ማታ ራት ላይ አቀረብኩለት።

«ፈርም» አልኩት። «እሱ ነጋዴ ነው፣ ሌላ ይገዛል። ምንም አይጎዳውም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ወረቀቱን ይዞ ተነሣና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሴቶቹ በር በኩል ወደ ጎረቤታችን ግቢ ገባ። እኔም ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ባለቤቴ ቆሞ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበለት።

«ይህን ከቢሮ ሰጡኝ» አለው ሲጨርስ። ከቢሮ ነው ያለው፤ ከሚስቴ አላለም።

ጎረቤታችን ሬዲዮውን ዘጋ። «ፈርም አቦ» አለ። «አንዳችን እንኳ መኪና ይኑረን። እኔ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ተፈትሻለሁ፣ አራተኛ ቢሆን ምን አለበት? ፔጆዋም ብትሆን ሶማሌ ናት፣ ታገሣለች።»

ሳቀ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። ያን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ በደብተሩ ስስቅበት ኖሬያለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን የምስቅበት አልነበረም። ወረቀቱን ለአራት ቀደደው፣ ከዚያ የልማዱ ነውና ቁርጥራጩን ኪሱ ከተተው።

«ውሸት ነው» አለ። «ፔጆዋ ከላይ አልቆመችም። ጎን ለጎን ነበሩ። እኔ ራሴ ነኝ ያቆምኳቸው።»

ውሳኔው ከዓመት በላይ ቆይቶ መጣ። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ከባለቤቴ ቀድሜ አነበብኩት። ሁለቱም ተሽከርካሪዎች እኩል ጥፋተኛ ሆነው በመገኘታቸው፣ አንዱ ለሌላው የሚከፍለው ካሳም እኩል በመሆኑ፣ ጉዳዩ ተቻችሎ ፋይሉ ተዘግቷል ይላል። ለማንም የሚከፈል ነገር የለም። ወደ ቤት ወስጄ ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ጎረቤታችን አማርኛው ሳይገባው ቀርቶ አይመስለኝም፤ «ምን ሆነ አለች ወረቀቷ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

«ተቻችሏል» አልኩት።

«ለዚህ ነው ዓመት የፈጀችው? እኔና እሱ ተቻችለን ሃያ ዓመታችን።»

ቮልሷ ለብረት ተሸጠች። ፔጆዋን ግን ባለቤቴ የሚያውቃቸው የባቡር ዎርክሾፕ ባለሙያዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ በመዶሻ አቀኗት። ኮፈኗ ከሌላ መኪና ስለመጣ አረንጓዴ ነበር፤ ሌላው ነጭ። ጎረቤታችን ከዚያ በኋላ ቁልፏን ሚስማር ላይ፣ በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው በር መቃን ላይ ሰቀለው። ዓርብ እሱ መስጊድ ይሄድባታል፤ በሥራ ቀን ተራ ነው፤ እሑድ ማንም አይነካትም። ሚስቱ ስትወልድ ሆስፒታል ያደረሳት ባለቤቴ ነው፤ እኔ ሳቢያን ሰፈር ያለችውን እህቴን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰኝ ጎረቤታችን ነበር።

በእነዚያ መንገዶች ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስንት ጊዜ ልነግረው አሰብኩ፤ ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ፈርም ያልኩትም እኔ ነኝ ልለው። እሱ ስለ ጨርቅ ዋጋ ያወራል፣ እኔ እሺ እሺ እላለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ እህቴ በር ላይ ሊያወርደኝ ሲያቆም፣ በመስተዋቱ አየኝና «አንቺ ቆንጆ ትጽፊያለሽ ይላሉ፣ ስሕተት የለባትም ይላሉ» አለኝ። አመሰገንኩት። በሩ ከውስጥ ስለማይከፈት ወርዶ ከውጭ ከፈተልኝ።